በትክክል መዝኜዋለሁ

እሺ... እየቀዳ ነው? እየቀዳ ነው። ዛሬ ስለ እንቅልፍ ላወራ ነበር፣ ተውኩት። ያ ሰማያዊ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ብሎኛል። አዎ፣ እንደገና የላብራቶሪ ወሬ ነው። «ጀመረው ደግሞ» የምትሉትን አውቃችኋለሁ።

ኮፐር ሰልፌት ነው። 250 ሚሊ ሊትር፣ 0.1 ሞላር፣ ማለት በአንድ ሊትር 0.1 ሞል። ሞል ኬሚስቶች የነገር መጠን የሚለኩበት ነው። ቀላል እኮ ነው! 0.1 በ0.25 ሊትር ሲባዛ 0.025 ሞል። እሱን በአንድ ሞል ክብደት፣ በ159.6 ግራም አባዛሁት፣ 3.99 ግራም። ሚዛኑ ላይ በማንኪያ ጫፍ እየነካካሁ፣ 3.97... 4.01... ትንሽ መለስ... 3.99። ደስ ሲለኝ! ውሃውንም በትንሹ ጨምሬ አሟሟሁት፣ ከዚያ እስከ መስመሩ ሞላሁ። ሞሉ የሚካፈለው ለጠቅላላው ሶሉሽን ነዋ፣ ለጨመርከው ውሃ አይደለም። እዚህ ላይ ስንቱን ሰው አርሜያለሁ፣ አፌን ሞልቼ።

ያንን መስመር ደግሞ በዓይን ልክ ጎንበስ ብሎ ማየት... ወገቤን... እሺ፣ ይቅር።

159.6 ውሃ የሌለው ኮፐር ሰልፌት ነው። እሱ ደግሞ ነጭ ነው። ነጭ! እኔ ፊት የተቀመጠው ሰማያዊ ነው። ክሪስታሉ በየሞሉ አምስት ሞል ውሃ ይዟል፣ ፔንታሃይድሬት፣ 249.7። መመዘን የነበረብኝ 6.24 ግራም ነው። ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ባይጻፍስ? ቀለሙ ይጮሃል እኮ።

ካልኩሌተሯ ላይ እንዳታሳብቡ ደግሞ። 7 ቁጥሯ እንደሚጣበቅ ታውቃላችሁ፣ ግን እኔ በሠራሁት ስሌት ውስጥ 7 የለም። 7 ያለው ትክክለኛው ላይ ነው። (ይስቃል) ብቻ ሳቁ አይደለም ያመጣኝ።

0.1 ብዬ የለጠፍኩበት 0.064 ነበር። አብራኝ የምትሠራው ልጅ የመለኪያ ግራፏን በሱ ሠራች፣ ናሙናዋን በሱ ለካች፣ ቁጥሩ በዛባት። መጣችና «በትክክል መዝነኸዋል?» አለችኝ።

«በትክክል መዝኜዋለሁ።»

አልዋሸሁም እኮ! 3.99 ነው፣ ሚዛኑ ይመስክር። ስህተቱን የደረስኩበት ማታ ነው። ማታ፣ ጥርሴን እየፋቅኩ። እንደዚያ ነው ለራሴ የምለው። ግን ስትጠይቀኝ መደርደሪያው ላይ ወዳለው ጠርሙስ ዞር ብዬ ነበር። «መዝነኸዋል?» አለች፣ ዞር አልኩ፣ ከዚያ መለስኩላት። ለምንድነው የዞርኩት?

ያገኘችውን በ0.64 ብታባዛው ይስተካከላል። መልእክቱን ጽፌዋለሁ፣ ሁለት መስመር ነው። አሁንም ስልኬ ላይ አለ፣ «በ0.64 አባዢው» ይላል፣ ከሱ በፊት ምን ብዬ እንደምጀምር ነው... ቆይ፣ ይሄ ነገር እየቀዳ ነው አይደል?