ዚሉ ለምን ይፈላል?

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ፣ ወሬዬም ያው ዚሉ ነው። ለአዲስ አድማጮች፦ ዚል 131፣ በደርግ ጊዜ ከሶቪየት የመጣው ባለ ሦስት አክስል የጦር መኪና፣ ስምንት ሲሊንደር፣ 6 ሊትር የቤንዚን ሞተር። ሞተሩ ታድሷል፣ ድምፁም ያምራል። ደብረ ብርሃን ውስጥ ሲነዳ ምንም አይል። ከሸዋ ሮቢት ሽቅብ ሲመለስ ግን አርማንያን አልፎ ደብረ ሲና ሳይደርስ መፍላት ይጀምራል።

ይሄን ጋራዥ ሄዳችሁ ብትናገሩ መልሱ አንድ ነው፤ «ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው!» ቴርሞስታት ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳያልፍ የሚዘጋ ቫልቭ ነው። እኔ አልጣልኩትም። የዚል ቴርሞስታት 70 ዲግሪ ላይ መከፈት ይጀምራል። ደህና ከሆነ ዳገት ላይ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ማውጣቱ ምን ይጨምራል? በታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ ያለ እሱ ሞተሩ አልሞቅ ይላል፣ ቤንዚንም ይፈጃል። ከተጠራጠራችሁ ድስት ውስጥ ውሃ አሙቁና ሲከፈት እዩት።

ግማሹ ጥፋት የከፍታው ነው። ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ግድም ላይ ናት፣ ዳገቱ የሚያልቅበት ጣርማበር ከ3000 በላይ። እዚያ ላይ በክፍት ዕቃ ያለ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላው አልበስል የሚለንም ለዚሁ ነው። አየሩም ስስ ስለሆነ ሙቀት ይዞ የመሄድ አቅሙ ይቀንሳል። መኪናው ደግሞ በከባድ ማርሽ ነው የሚጎተተው፤ ከፊት የሚገባ ንፋስ የለም ማለት ይቻላል። ሸክሙ ሁሉ ፋኑ ላይ ወደቀ።

ስለዚህ የራዲያተር ክዳን ተራ ነገር አይደለም። ግፊት ይዞ የውሃውን መፍያ ከፍ የሚያደርገው እሱ ነው። የኔን ክዳን ገልብጬ ሳየው ዋናው ጎማ የለም። በቦታው ከከመነዳሪ የተቆረጠ ክብ ላስቲክ ገብቷል፣ ጠርዙ ወጣ ገባ፣ በምላጭ የተሠራ። ስፕሪንጉን በአውራ ጣት ስጫነው ያለ ትግል ወረደልኝ። ግፊት የሚይዝ ክዳን ሲገባለት ጣርማበርም ላይ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። በሙቀቱ እንዳትከፍቱት ብቻ፣ ፊት ይልጣል።

ሁለተኛው ፋኑን የሚከበው ላሜራ ነው። ግማሹ ተቆርጦ ወጥቷል፤ አንዱ ቺንጋ ሲቀይር አላሠራ ብሎት ይሆናል። ላሜራው ከሌለ ፋኑ በራዲያተሩ በኩል በመሳብ ፈንታ የራሱን የሞተር ሙቀት መልሶ ያሽከረክራል። አዲስ አስቆረጥኩ፤ የፋኑ ክንፍ ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ውጭ ሆኖ ተቀመጠ። ዳር ዳሩን በጎማ ደፈንኩት። ብሎኩም በተቃራኒ አቅጣጫ በውሃ ሲታጠብ የወጣው ደለል ሸክላ ይሠራል!

ኤሌክትሪክ ፋን ግጠም፣ የአሉሚኒየም ራዲያተር አስገባ የሚሉኝ አሉ። አልፈልግም። የመዳቡ ራዲያተር ቢቀደድ የትም ከተማ በቆርቆሮ ይበየዳል። ደግሞ እስካሁን ያደረግኩትን ስቆጥረው፣ አብዛኛው ሰዎች ነቅለው የጣሉትን መመለስ ነው። መሐንዲሶቹ አስበውበት ነበር። ከካቢን የሚዘጋውን የራዲያተር መጋረጃ እንኳ አልነካሁትም፤ ለውርጩ ይጠቅማል።

አሁን ዳገቱን ሳይፈላ ይወጣል። ጌጁ ከፍ ይላል፣ ጣርማበር ዋሻው ጋ ደርሶ መንገዱ ሲቀልለት ይመለሳል። የቀረው ካርቡራተሩ ነው፣ ከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛል። እሱን በሌላ ቀን። ደህና ሁኑልኝ።