ደሞዙን ከመጠየቃችን በፊት

ሰላም፣ እንደምን ከረማችሁ? ደሴ ከተማ ነው ያለሁት። ዝናብ እየጣለ ስለሆነ የቆርቆሮው ድምፅ ከገባ ታገሱኝ። ዛሬ የማወራው አረብ አገር ያሉ ልጆቻችን ሥራ መቀየር ሲፈልጉ ስለሚገጥማቸው ነገር ነው። ሰሞኑን ከልቤ አልወጣ ብሎኛል።

እኛ ወሎ ልጅ ልትሄድ ስትል ምን እንደሚጠየቅ ታውቃላችሁ። ሐርቡ ሂዱ፣ ከሚሴ ሂዱ፣ መርሳ ሂዱ፣ ቡናው ተፈልቶ ዱዓ ከተደረገ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ «ደሞዙ ስንት ነው?» ነው። ቀጥሎ የትኛው አገር እንደሆነ፣ ከዚያ የቤተሰቡ ብዛት። ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው። «ቤቱ ባይስማማትስ በምን በኩል ትወጣለች?» የሚል ግን እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም። እኔ ይሄ ከደሞዙ መቅደም አለበት ባይ ነኝ።

ምክንያቱም የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ኢቃማው፣ የተያያዘው ከከፊሉ ጋር ነው፣ ካስመጣት አሠሪ ጋር ማለት ነው። ኢቃማውን ወደ ሌላ አሠሪ ሳታዛውር ከቤቱ ከወጣች ከፊሉ «ጠፍታለች» ብሎ ያስመዘግባል፤ ሁሩብ የሚሉት ይሄንን ነው። ከዚያ በኋላ በሕግ የምትኖር ሠራተኛ መሆኗ ያበቃል። ያልተከፈላትን ደሞዝ ልጠይቅ ብትል እንኳ መያዝንና ተርሒልን፣ ወደ አገር መባረርን ማለት ነው፣ እየፈራች ነው።

የአክስቴ ልጅ ሪያድ ነው ያለችው። ደሞዝ ሲቋረጥባት ማታ ማታ እየደወለች ታለቅስ ነበር። «እታለም፣ ጓደኞቼ ውጪ ይሉኛል፤ ውጭ የሚሠሩት የተሻለ ያገኛሉ» አለችኝ። ውሸት አይደለም። ኢቃማ ሳይኖራቸው በየቤቱ እየተዘዋወሩ የሚሠሩት ብዙ ጊዜ የተሻለ ይከፈላቸዋል። ለዚህ ነው «እንዳትወጪ» ማለት የሚከብደው። ሩቅ ተቀምጦ ምክር መስጠት ቀላል ነው፣ ታግሣ የምታድረው እሷ ናት።

ግን የሳዑዲ ደንብ ለቤት ሠራተኛም ቢሆን የተወሰነ በር አለው። ሦስት ወር ደሞዝ ካልተከፈላት፣ ወይም አሠሪው በሐሰት ሁሩብ ካስመዘገበባት፣ ያለ እሱ ፈቃድ ወደ ሌላ አሠሪ መዛወር እንድትችል ተፈቅዷል። ችግሩ መጀመሪያ ማመልከት አለባት። ቀድማ ከወጣች ሰውዬው ቀድሞ ያመለክታል፣ ተበዳይዋም ተከሳሽ ትሆናለች። የኛዋ ልጅ ታግሣ፣ በኤጀንሲው በኩል ተጨቃጭቀን፣ በመጨረሻ አሠሪዋ ተናዙል ሰጣት፤ መልቀቂያ ማለት ነው። አዲሶቹ አሠሪዎች ለአሮጌው ገንዘብ ከፍለው ነው የወሰዷት። ደስ አለኝ፣ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ግን የሰው ልጅ ከአንድ ቤት ወደ ሌላ ቤት ለመሄድ ዋጋ ሲነገርላት መስማት እስካሁን ያንገበግበኛል።

በፈረንጆቹ 2021 መጋቢት ላይ «ከፋላ ቀረ»፣ ሠራተኛን ከከፊሉ ጋር የሚያስረው ሥርዓት ቀረ፣ ተብሎ እዚህም ብዙ ተወርቶ ነበር። በእርግጥ ሳዑዲ ያን ጊዜ ትልቅ ለውጥ አድርጋለች። በድርጅት የተቀጠረ ሰው አንድ ዓመት ከሠራ በኋላ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ፣ የአሠሪው ፈቃድ ሳያስፈልገው መዛወር ይችላል። ከዚህ ማሻሻያ የተተዉት ግን እነማን ናቸው? የቤት ሠራተኛ፣ የግል ሾፌር፣ የቤት ዘበኛ፣ አትክልተኛና ገበሬ፣ እረኛ። እስቲ ከሠፈራችሁ የሄዱትን አንድ በአንድ አስቧቸው። ሴቶቹ ቤት ውስጥ ናቸው። በጅቡቲ አድርገው በባሕር የመን፣ ከየመን በእግራቸው ሳዑዲ ድንበር ላይ ወዳለችው ጂዛን የገቡት ወንዶች ደግሞ ፍየል ጠባቂ ናቸው፤ እነሱማ የሚያዛውሩት ኢቃማ እንኳ የላቸውም።

ኳታር በ2020 ያወጣችው ሕግ ከዚህ ይለያል። የቀድሞ አሠሪን የፈቃድ ወረቀት መጠየቅ ቀርቷል፤ የቤት ሠራተኛም ይጨምራል። ሁለት ዓመትና ከዚያ በታች የሠራች የአንድ ወር፣ ከዚያ በላይ የሠራች የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ሰጥታ ለሥራ ሚኒስቴሩ በኢንተርኔት ታሳውቃለች። እዚያም ልትለቅ ስትል በንዴት «ጠፋች» የሚል አሠሪ አለ፣ ሕግ ስለወጣ ሁሉ ነገር ተስተካከለ አልላችሁም። ነገር ግን የሁለቱ አገር ሪያል በዋጋው ተቀራራቢ ነው። 1,000 ሪያል እዚህም እዚያም ብትባል ቤተሰብ አንድ ነው ብሎ ያስባል። መውጫው ስለሚለያይ ለእኔ አንድ አይደለም።

አሁን ልትሄድ የተዘጋጀች ልጅ እየሰማችኝ ከሆነ፦ እህቴ፣ የራሳችን አዋጅ፣ ቁጥር 923/2008፣ የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ወጪ አሠሪው ይሸፍን ይላል። ደላላ «የኢቃማ» ብሎ ከጠየቀሽ አትክፈይ። የኮንትራትሽን አንድ ኮፒ እናትሽ ጋ ተይ፤ እዚያ ስትደርሺ ኢቃማሽን በስልክ ፎቶ አንስተሽ ወደ ቤት ላኪ።

ደሞዝሽን ደግሞ በእጅ ሳይሆን በባንክ እንዲያስገቡልሽ ከመጀመሪያው ወር ጠይቂ። በእጅ ሲሰጡሽ ኖረው ሦስት ወር ሲዘጉብሽ «ሰጥቻታለሁ» የሚል አሠሪ አለ፤ ባንክ ከሆነ ግን ገንዘቡ የገባበትም ያልገባበትም ወር ተመዝግቦ ይገኛል።