ፈተና የገነባት አገር

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ቻይና ላወራችሁ ነው።

ቻይና ሲባል ቶሎ ወደ አእምሯችን የሚመጣው መንገዱ፣ ባቡሩ፣ ስልኩ፣ ፋብሪካው ነው። አዲስ አበባ የሚኖር ሰው ቻይና የሠራችውን የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ በየቀኑ ቀና ብሎ ስለሚያየው ይሄ አይገርምም። እኔ ግን ሰሞኑን ሳነብና ሳሰላስል የከረምኩት ሌላ ነገር ነው። ስለ ፈተና። ቁጭ ተብሎ በወረቀት ላይ ስለሚጻፍ ፈተና። ቻይናን ቻይና አድርጎ ያቆያት፣ ከግንቡም ከሐሩም በላይ፣ እሱ ነው ብዬ አምናለሁ። ዛሬ በዓለም ላይ ያላትን ቦታም ያለ እሱ የምንረዳው አይመስለኝም። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራቸው።

ነገሩ የሚጀምረው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ፣ በሱይ ሥርወ መንግሥት ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ሹመት ባመዛኙ የትልልቅ ቤተሰቦች ነበር። ነገሥታቱ ደግሞ እነዚያን ቤተሰቦች ይፈሯቸዋል። ስለዚህ ሹም በፈተና መምረጥ ጀመሩ። በተለይ ከሶንግ ሥርወ መንግሥት ወዲህ ፈተናው የመንግሥቱ አከርካሪ ሆነ። እስከ 1905 ድረስም ዘለቀ። 1,300 ዓመት ማለት ነው! በዚህ መሀል ስንቱ ሥርወ መንግሥት ወደቀ። ሞንጎሎች አገሩን ያዙ፣ ፈተናውንም አቋረጡት፤ በ1315 ግን ራሳቸው መለሱት። ማንቹዎች መጡ፣ እነሱም ቀጠሉበት። በጦር ያሸነፈ ሁሉ አገሩን ለማስተዳደር ሲነሳ የሚያገኘው ያንኑ የተማረ ሹም ነው።

አሁን ናንጂንግ ልውሰዳችሁ። ቺንኋይ የሚባል ወንዝ ዳር አንድ የፈተና ግቢ ነበር። በደመቀበት ዘመን ከ20,000 በላይ ትንንሽ ክፍሎች ነበሩት። ክፍል አልኳቸው እንጂ በር የላቸውም። ጠባብ መተላለፊያ ላይ ተደርድረው ፊታቸው ክፍት ነው። ውስጡ ሁለት ሳንቃ አለ። ቀን አንዱ ከፍ ብሎ ጠረጴዛ ይሆናል፣ ሌላው ዝቅ ብሎ መቀመጫ። ማታ ሁለቱን እኩል ታደርጋቸዋለህ፣ አልጋ ይሆናሉ። እግር መዘርጋት ግን አይታሰብም። ተፈታኙ ምግቡን፣ ማብሰያውን፣ ሻማውን፣ የሚለብሰውን ይዞ ይገባል። ፈተናው ሦስት ዙር ነው፣ እያንዳንዱ ዙር ከነሌሊቱ ቀናት ይፈጃል። በሩ ከታሸገ አይከፈትም። ሰው ውስጥ ከሞተ እንኳ ሬሳው በግንቡ አናት ነበር የሚወጣው።

እኔን በጣም የነካኝ ግን እርማቱ ነው። የተፈታኙ ስም በወረቀት ይሸፈናል። ይሄ ብቻ አይበቃም፤ አራሚው የእጅ ጽሑፉን ሊያውቀው ይችላል። ስለዚህ ተፈታኙ በጥቁር ቀለም የጻፈውን ጸሐፊዎች በቀይ ቀለም ይገለብጡታል። ሌሎች ደግሞ ግልባጩን ከዋናው ጋር ቃል በቃል ያመሳክራሉ። አራሚው እጅ የሚገባው ቀዩ ብቻ ነው። እስቲ አስቡት። በዚያ ዘመን፣ ለማይታወቅ የገበሬ ልጅ ሲባል ይሄ ሁሉ ድካም። ይሄን ሳነብ ከልቤ አከበርኳቸው።

እርግጥ ነው፣ ሁሉም ቤት ልጁን ለዓመታት ማስተማር አይችልም። ሴቶች ደግሞ ጭራሽ አይፈተኑም። ኩረጃም ነበር፤ በዓይን ለማየት በሚያስቸግር ጽሑፍ ከላይ እስከ ታች የተሞሉ የውስጥ ልብሶች ዛሬም ተጠብቀው ይታያሉ። ቢሆንም የመንደሩ ሰው፣ ያ በር ለልጄም ሊከፈት ይችላል ብሎ ያምን ነበር። ይሄ እምነት ነው እንደዚያ ያለ ሰፊ አገር አንድ ላይ ያቆየው።

በ1397 የሆነውን ልንገራችሁ። የመጨረሻውን ፈተና ያለፉት ሁሉ የደቡብ ሰዎች ሆነው ተገኙ። ሰሜኖቹ ተበደልን ብለው ጮሁ። የሚንግ ሥርወ መንግሥት መሥራች ንጉሠ ነገሥት ምርመራ አዘዙ። መርማሪዎቹ እርማቱ ትክክል ነው አሉ። ንጉሡ አልተቀበሉም። ከአራሚዎቹና ከመርማሪዎቹ ብዙዎቹን አስገደሉ፣ በሁለተኛ ዙር ያለፉት ሰሜኖች ብቻ ሆኑ። ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ኮታ መጣ፤ ለደቡብ ይህን ያህል፣ ለሰሜን ይህን ያህል ተባለ። እኛ አገር ለታዳጊ ክልሎች በሚሰጠው የመቁረጫ ነጥብ ላይ ስንከራከር ለኖርን ሰዎች ይሄ ክርክር አዲስ አይደለም። ችሎታ ብቻ ወይስ አገርን አብሮ መያዝ? ከ600 ዓመት በላይ አልፎም መልሱ ቀላል አልሆነም።

ፈተናው የሚያስከፍለው ዋጋ ከባድ ነበር። ሆንግ ሺዩቻን የሚባል የደቡብ ሰው ደጋግሞ ተፈትኖ ወደቀ። ታመመ፣ ራእይ አየሁ አለ፣ በኋላም የኢየሱስ ክርስቶስ ታናሽ ወንድም ነኝ ብሎ ተነሳ። ከ1850 እስከ 1864 የቆየውን የታይፒንግ አመፅ የመራው እሱ ነው። ቢያንስ 20 ሚሊዮን ሰው እንዳለቀበት ይገመታል። ፈተና ስለወደቀ ብቻ ነው አልልም፤ ረሃቡ፣ ግብሩ፣ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የኦፒየም ጦርነት የደረሰው ውርደት አለ። ግን ዕድሜውን ለአንድ በር ሰጥቶ በሩ የተዘጋበት የተማረ ሰው ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል።

ሌላው ዋጋ ለእኔ ከሁሉ የሚከፋው ነው። ጥያቄ የሚያወጣ ሰው አእምሮንም ይቀርጻል። ፈተናው ለ600 ዓመት ያህል በጥንቱ ፈላስፋ በኮንፊውሺየስ ትምህርትና በመንግሥት በጸደቀ አንድ ማብራሪያ ላይ ያተኮረ ነበር። የጽሑፉ ቅርጽ እንኳ የተወሰነ ነው፤ ስምንት ክፍል ይኖረዋል፣ አለቀ። ወረቀትን፣ ባሩድን፣ ኮምፓስን፣ ኅትመትን ለዓለም የሰጠ ሕዝብ፣ እጅግ ብሩህ ልጆቹን ለዘመናት አንድ ዓይነት ጽሑፍ ሲያስጽፍ ኖረ። በ1840 የእንግሊዝ መርከቦች መድፋቸውን ይዘው ሲመጡ ሹሞቹ ስለ እንፋሎት ሞተር የተፈተኑት ነገር አልነበረም። የሚገርመው ደግሞ እንግሊዞቹ ራሳቸው በ1850ዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ በፈተና ይቀጠር ብለው ሲከራከሩ የቻይናን ምሳሌ ያነሱ ነበር።

በ1905 ፈተናው ተሰረዘ። ከስድስት ዓመት በኋላ አብዮት ተነሳ፣ ዘውዱም ወደቀ።

ግን ፈተናው የቀረ እንዳይመስላችሁ። በሕዝባዊ ሪፐብሊኩ ዘመን የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ሆኖ ተመለሰ። ጋኦካኦ ይባላል። በ1966 መሪው ማኦ የቀሰቀሱት የባህል አብዮት ሲመጣ እሱም ቆመ፤ ወጣቱ ወደ ገጠር ተላከ፣ አካፋ ያዘ። በ1977 ከማኦ በኋላ አገሪቱን የመሩት ዴንግ ሺያዎፒንግ ወደ ሥልጣን እንደተመለሱ መጀመሪያ ካደረጓቸው ነገሮች አንዱ ፈተናውን መመለስ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ 5.7 ሚሊዮን ሰው ተፈተነ፤ የገባው 270,000 ገደማ ነው። የመፈተኛ ወረቀት እንኳ ስላልነበረ ለማኦ ጽሑፎች ኅትመት የተቀመጠው ወረቀት እንዲውል ተደረገ። ይቺን ሳነብ ቆም አልኩ። አንድ ዘመን አልፎ ሌላው መግባቱ በዚያ ወረቀት ላይ ይታያል። ከተፈታኞቹ አንዱ ገጠር ተልከው ይኖሩ የነበሩት ሊ ከቺያንግ ናቸው። ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ ሕግ ተማሩ፣ ከዓመታት በኋላ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ብዙዎቻችን የቻይናን ለውጥ ከ1978ቱ የኢኮኖሚ ማሻሻያ ነው የምንቆጥረው። እኔ ግን ከዚያ ፈተና እቆጥረዋለሁ። ሰዉ ተስፋ ያደረገው ያኔ ነው።

ዛሬስ? በ2024 ለጋኦካኦ የተመዘገበው 13.42 ሚሊዮን ተማሪ ነው። ዉሃን ከተማ የተማረ ጓደኛ አለኝ። በሰኔ መጀመሪያ ከተማው ፀጥ ይላል ይላል። ግንባታ ይቆማል፣ ጥሩምባ አይነፋም፣ ታክሲዎች ተፈታኝ በነፃ ያደርሳሉ። አንሁዊ ክፍለ ሀገር ማውታንቻንግ የምትባል ከተማ አለች፤ ሕይወቷ በአንድ የፈተና ማዘጋጃ ትምህርት ቤት ዙሪያ ነው። እናቶች ሥራቸውን ትተው እዚያ ቤት ተከራይተው ለልጃቸው ያበስላሉ። በ2025 ደግሞ ትልልቆቹ የአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ኩባንያዎች በፈተናው ሰዓት የጥያቄ ፎቶ ሲላክላቸው መልስ እንዳይሰጡ በመተግበሪያዎቻቸው ላይ ይህን አገልግሎት ዘግተው ነበር። ማሽኑም ሳይቀር ዝም ይበል ተባለ።

የ1397 ጥያቄም አልሞተም። ሄናን የሚባል ክፍለ ሀገር ውስጥ ከ1.3 ሚሊዮን በላይ ተማሪ ይፈተናል። በቤጂንግ ነዋሪነት የተመዘገበ ልጅ ፔኪንግ ዩኒቨርሲቲ የመግባት ዕድሉ ከሄናኑ ልጅ እጅግ ይሻላል። ሕዝቡም ያውቃል፣ ያጉረመርማል።

ተመርቀው ሲወጡስ? በሰኔ 2023 በከተማ ከሚኖሩና ሥራ ከሚፈልጉ ከ16 እስከ 24 ዓመት ወጣቶች 21.3 በመቶው ሥራ አጥ ነበር። ከዚያ መንግሥት አኃዙን ማውጣት ለወራት አቆመ። በዚያው ዓመት ወጣቶቹ ራሳቸውን ኮንግ ዪጂ ብለው መጥራት ጀመሩ። ደራሲው ሉ ሹን በ1919 ባሳተመው ታሪክ ውስጥ ያለ ገጸ ባሕርይ ነው፤ ፈተናውን ያላለፈ፣ ደሃ የሆነ፣ ግን የተማረ ሰው የሚለብሰውን ረጅም ቀሚስ አላወልቅም ያለ። ዲግሪያችን እንደዚያ ቀሚስ ሆነብን አሉ። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ቀሚሱን አውልቃችሁ ሥሩ ብለው ሲመክሩ ወጣቱ ተቆጣ። ተቆጡ ቢባል አይፈረድባቸውም። ከልጅነታቸው ጀምሮ ያንን ቀሚስ ልበሱ ያላቸው ማን ነው? የሚያስጨንቀው ግን የሸሹበት ቦታ ነው። ለ2025 ወደ 40,000 ለሚጠጋ የማዕከላዊ መንግሥት የሥራ ቦታ ከ3.4 ሚሊዮን በላይ ሰው ለመፈተን ተመዘገበ። እንደገና ወደዚያው በር።

ብዙ ጊዜ፣ ቻይናዎች መኮረጅ እንጂ መፍጠር አይችሉም ሲባል እሰማለሁ። አልስማማም። የማልስማማበትን ምክንያት በአንድ ሰው ላሳያችሁ።

በ1967 ቻይና የወባ መድኃኒት ለመፈለግ 523 የሚል ምስጢራዊ ፕሮጀክት ጀመረች። ሰሜን ቬትናም ጦሯን ወባ እየፈጀባት እርዳታ ጠይቃ ነበር። ቱ ዮዮ የሚባሉ ተመራማሪ ቡድናቸውን ይዘው የጥንት የሕክምና ጽሑፎችን ማገላበጥ ጀመሩ። ከአሪቲያችን ጋር አንድ ወገን የሆነ ተክል አገኙ። ሞከሩት፣ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ አይሠራም። ተመልሰው በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጌ ሆንግ የጻፈውን አነበቡ። አንድ እፍኝ ቅጠል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፍ፣ ጨምቅ፣ ጠጣ ይላል። ቱ ዮዮ ልብ ያሉት ያልተጻፈውን ነው። አፍላ አይልም! ሙቀቱ ይሆን መድኃኒቱን የሚያጠፋው? ኢተር በሚባል ፈሳሽ፣ በዝቅተኛ ሙቀት ሞከሩ። በጥቅምት 1971 ናሙና ቁጥር 191 ሠራ። ቀጥሎ በራሳቸው ላይ ሞከሩት። ዶክትሬት የላቸውም፣ ውጭ አገር አልተማሩም። በ2015 ኖቤል ተሸለሙ። መተማ ወይም ጋምቤላ ወባ ይዞት ኮአርተም የዋጠ ሰው ከዚያ ሥራ የወጣ መድኃኒት ነው የወሰደው።

አንድ የጥንት ጽሑፍ ነው። በቃሉ ይዞ በስምንት ክፍል የሚመልሰው ተፈታኝ አለ። ደግሞ ለምን አፍላ አላለም ብሎ የሚጠይቅ አንባቢ አለ። ቻይና ሁለቱንም አላት፣ ሁለቱም የራሷ ናቸው። ስለ ቺፕና ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ዜና ስሰማ እኔ የማስበው ስለ እነዚያ 13 ሚሊዮን ልጆች ነው፤ ከመካከላቸው ሁለተኛውን ዓይነት አንባቢ የሚያሳድግላቸው አስተማሪ ያገኙት ስንቶቹ ይሆኑ እያልኩ።

በሚቀጥለው ክፍል በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እስከ ምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍ ስለደረሱት ስለ ዠንግ ሄ መርከቦች አወራችኋለሁ። እስከዚያው ደህና ሁኑልኝ።