ጠበሉም ክኒኑም

ሰ፦ ጤና ይስጥልን አድማጮቻችን። ዛሬ ይዘን የመጣነው እምነትና ሳይንስ አብረው ይሄዳሉ ወይ የሚለውን ነው።

ዳ፦ እኔ ፈላስፎቹን ትተን እንጦጦ እንውጣ ባይ ነኝ።

ሰ፦ ማርያም ጠበል?

ዳ፦ አዎ። ኤች አይ ቪ በደማቸው የተገኘ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እዚያው አካባቢ ቤት ተከራይተው ይጠመቁ ነበር። ነጻው የኤች አይ ቪ መድኃኒት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር "ክኒን የሚውጥ እምነት የጎደለው ነው" የሚሉ ነበሩ። ጠበል ሲገባ ክኒኑን ያቆመ ስንቱ ነው!

ሰ፦ በ1999 ዓ.ም. ግን ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ናቸው፣ አይቃረኑም ብለው በይፋ ተናገሩ።

ዳ፦ ያ ንግግር ሕይወት አትርፏል ብዬ አምናለሁ።

ሰ፦ እኔም። አዲስ ትምህርት ግን አልነበረም እኮ! ሲራክ ምዕራፍ 38 እግዚአብሔር መድኃኒትን ከምድር ፈጠረ፣ አስተዋይ ሰው አይንቀውም ይላል። ወንጌላዊው ሉቃስስ ሐኪም አልነበረም?

ዳ፦ ልክ ነሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነው። አንድ ሰው ክኒኑን በትክክል እየወሰደ ጠበልም ይጠመቃል እንበል። ከወራት በኋላ ሲመረመር ቫይረሱ በደሙ አልታየም ይባላል። "ድኛለሁ" ብሎ ክኒኑን ይተዋል።

ሰ፦ ቫይረሱ ግን አልጠፋም።

ዳ፦ አልጠፋም። መድኃኒቱ እንዳይራባ ነው የሚያግደው፤ ቫይረሱ በአንዳንድ ሴሎች ውስጥ ተደብቆ ይቆያል። ክኒኑ ሲቆም እንደገና መራባት ይጀምራል። እየተወሰደ እየተቋረጠ ከሆነ ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን ሊላመደው ይችላል።

ሰ፦ እሺ፣ የሐኪም ቤቱንም ጥፋት እናንሳ እንጂ። ጠበል እጠመቃለሁ ያለን ታማሚ የሚቆጣ ባለሙያ አለ። በዚያ ዘመን ጎረቤት ፊቱን ያዞረበት ሰው ጠበል ቦታ ሲሄድ አብረውት የሚጸልዩ፣ አይዞህ የሚሉት አገኘ። አንዱን ምረጥ ካልከው የትኛውን የሚመርጥ ይመስልሃል?

ዳ፦ ጠበሉን።

ሰ፦ ታዲያስ! ከቁጣው ይልቅ "ስትጠመቅ ክኒኑን የት ታስቀምጣለህ?" ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ብልቃጡ እንዳይንኳኳበት ጥጥ ወትፎ ነጠላ ውስጥ የሚደብቅ ሰው፣ ሰው በበዛበት ቀን አውጥቶ ለመዋጥ ያፍራል። መድኃኒቱ የሚዘለለው እንዲህ ነው።

ዳ፦ ጾሙስ? ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ጠበልም የሚጠጣው በባዶ ሆድ ነው።

ሰ፦ አሁን በብዛት የሚሰጠው በቀን አንዴ የሚዋጥ፣ ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም የሚወሰድ ክኒን ነው። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ካደረገው ከጠበሉም ከጾሙም ጋር አይጋጭበትም። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችንም በረመዳን ከአፍጥር በኋላ ሊያደርጉት ይችላሉ። ሰዓቱን ሲቀይር ግን ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ይሁን።

ዳ፦ የንስሐ አባቱም ይወቁ።

ሰ፦ ቢያውቁማ እንዴት መልካም ነበር! "ክኒንህን ውጠሃል ወይ?" ብለው ከጠየቁት እኮ ሌላው ሁሉ አፉን ይዘጋል።