ሻጩ ሲመጣ ሰማያዊውን ይዤ እወርዳለሁ

የቱሉ ዲምቱ ጎረቤቶቼ፣ እናቶቼና አባቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ?

የሰበሰበን ነገር ይታወቃል። አንድ ሻጭ መጥቶ «ብርሃን ሲያገኝ ጀርም የሚገድል ቀለም አለኝ። የደረጃውን መደገፊያ ቀቡት፣ ከበረኪና ትገላገላላችሁ» ብሎናል። ኮሚቴው የኬሚስትሪ መምህር ነህ ብሎ «እውነት ነው ወይ?» አለኝ። ግማሹ እውነት ነው።

ነገሩ ያለው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ በሚባል ነጭ ዱቄት ላይ ነው። በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለው፣ በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር ሲያርፍበት ከእርጥበትና ከኦክስጅን በጣም ቁጡ ቅንጣቶች ይፈጥራል። እነሱ የባክቴሪያ ሽፋንም ሆነ የፋብሪካ ማቅለሚያ ሳይመርጡ ይሰባብራሉ። ዱቄቱ ራሱ አያልቅም። ጃፓናውያኑ ፉጂሺማና ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1972 ብርሃን በዚሁ ነገር አማካይነት ውሃን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ሲሰነጥቅ አሳይተዋል። ዛሬ ራሱን የሚያጸዳ የመስኮት መስታወት ይሠራበታል።

እኔም ቤት ሞከርኩት። ሦስት ብርጭቆ ውሃ ላይ ሜቲሊን ብሉ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ጠብ አደረግኩ። ሁለቱ ውስጥ ዱቄቱን ጨመርኩ። አንዱን በረንዳ ላይ፣ አንዱን ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጥኩ። ዱቄት የሌለበትም በረንዳ ላይ ዋለ። ዱቄቱ ቶሎ ስለሚዘቅጥ በየሩብ ሰዓቱ በማንኪያ ሳማስል ባለቤቴ «ሽሮ ነው እንዴ?» አለችኝ። አመሻሽ ላይ የበረንዳው ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ወተት መሰለ። ዱቄት የሌለበት ትንሽ ፈዘዝ ብሏል። የቁም ሳጥኑ ግን እንደ ጠዋቱ ነው።

የእኛ ደረጃ ደግሞ ቁም ሳጥን ነው። ቀን እንኳን መብራት ካልበራ አይታይም። የኤልኢዲ አምፖል አልትራቫዮሌት የለውም ማለት ይቻላል። ፀሐይ ቢገባ እንኳ የእጅ ወዝና አቧራ ቀለሙን ሸፍኖ ሥራውን ያስፈታዋል። ሰዓታትም ይፈልጋል፤ በረኪና በደቂቃዎች የሚጨርሰውን። አንድ ልጅ አስነጥሶ መደገፊያውን ከያዘ፣ የሚቀጥለው ሰው ሰዓታት ይጠብቃል?

በነገራችን ላይ ተራ ነጭ ቀለም ውስጥም ይኸው ዱቄት አለ። እዚያ ግን ቀለሙን ራሱን እንዳይበላው ተሸፍኖ ነው የሚገባው። ስለዚህ «ቲታኒየም አለበት» መባሉ ብቻ ምንም አያረጋግጥም።

ከ2,000 ሜትር በላይ ነን፣ ፀሐያችን ኃይለኛ ነው። ለውጭ ግድግዳ ቢሆን አልቃወምም ነበር። ለደረጃው ግን ገንዘባችንን ባናወጣ እላለሁ።

ሻጩ ቅዳሜ ይመጣል ተብሏል። ምድር ቤት ፀሐይ የሚያርፍበትን ግድግዳ አንድ ስንዝር ይቀባልን። ሰማያዊነቱን ያጠፋው እንደሆነ ለማየት ሜቲሊን ብሉውን ይዤ እወርዳለሁ።