ልጅነት ስንት ዓመት ነው?

እስኪ ይሄን ሥዕል ልብ ብላችሁ እዩት። እንግሊዝ አገር ነው፣ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ። ልጁ በእጁና በጉልበቱ እየዳኸ ነው፤ ወገቡ ላይ ቀበቶ፣ በእግሮቹ መሀል ሰንሰለት፣ ከኋላው ከሰል የተጫነ ጋሪ። እ.ኤ.አ. በ1842 ከወጣ የመንግሥት ሪፖርት የተገኘ ሥዕል ነው።

አጣሪዎቹ ልጆቹን ራሳቸውን አናግረዋል። አንዷ ሳራ ጉደር ናት፣ 8 ዓመቷ። ሥራዋ በር መክፈትና መዝጋት ነው። ቀላል ይመስላል አይደል? ግን ጉድጓዱ ውስጥ አየር የሚዘዋወረው በነዚህ በሮች ነው፤ ጋሪ ሲመጣ ይከፈታሉ፣ ሲያልፍ ወዲያው ይዘጋሉ፣ ክፍት ከቀሩ ጋዝ ተጠራቅሞ ሊፈነዳ ይችላል። የስንቱ ትልቅ ሰው ነፍስ በልጅ እጅ ነበር! ሳራ በኛ አቆጣጠር ሌሊት 10 ሰዓት ትገባለች፣ አመሻሽ 11 ሰዓት ገደማ ትወጣለች። ሥራው አያደክመኝም፣ ግን ያለ መብራት ስለሆነ እፈራለሁ አለች። መብራት ሲኖረኝ አንዳንዴ እዘፍናለሁ፣ በጨለማ ግን አልደፍርም። ይቺን ካነበብኩ ጀምሮ ከጭንቅላቴ አልወጣ ብላለች።

ያኔ ወላጅ ልጁን አይወድም ነበር ማለት አይደለም። ልጅነት የሚለካው በዓመት ሳይሆን በሥራ ስለነበር ነው። ይሄ ለኛም አዲስ አይደለም፤ ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል፣ መጀመሪያ ጥጃ፣ ከዚያ በግ፣ ከዚያ ከብት፣ ልጁ ሲያድግ የሚጠብቀውም አብሮት ያድጋል።

ቁጥሩን ያመጣው ሕግ ነው። የ1842ቱ የእንግሊዝ ሕግ ሴቶችን በሙሉ፣ ወንዶችን ደግሞ ከ10 ዓመት በታች ከጉድጓድ አወጣ። 10 የሞላውስ? እሱ መውረዱን ቀጠለ። በኔ እይታ ትልቁ ለውጥ የመጣው በ1880 ነው፣ ከ5 እስከ 10 ዓመት ያለ ልጅ ሁሉ ትምህርት ቤት እንዲሄድ ሲገደድ። ደሞዝ ያመጣ የነበረው ልጅ ከዚያ ወዲህ ወጪ ሆነ፣ ቤተሰቡም ሊያየው የሚገባው በሌላ ዓይን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1989 የተባበሩት መንግሥታት የልጆች መብት ስምምነት ቁጥሩን 18 አደረሰው።

የኛስ? በ1952 ዓ.ም. የወጣው ፍትሐ ብሔር ሕግ ሴቷ በ15 ዓመቷ እንድታገባ ይፈቅድ ነበር። ወንዱ ግን 18 መሙላት ነበረበት። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ ሁለቱንም 18 ያደረገው በ1992 ዓ.ም. ነው። እስከዚያ ድረስ፣ 40 ዓመት ሙሉ፣ የ15 ዓመት ልጅ መንትያ ወንድም ቢኖራት በሕግ ፊት እሱ ገና ልጅ፣ እሷ ለትዳር የደረሰች ነበረች።