በጎረቤት ሐራጅ ቀን ቤታችን አንቀመጥ

(ደሴ ከተማ ውስጥ ለአንድ ቅሬ (እድር) ጠቅላላ ስብሰባ የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ?

ሰብሳቢያችን «ስለ ሐራጅ ትንሽ ንገረን» ሲሉኝ ደስ አለኝ። ትንሽም ፈራሁ። ሐራጅ በሰፈራችን በሹክሹክታ የሚወራ ነገር ነው። ማስታወቂያው በር ላይ ተለጥፎ ስናይ ዓይናችንን መሬት ላይ ጥለን እናልፋለን። ለባለቤቱ አፍረንለት ነው። እኔ ጠበቃ ነኝ፤ የአፈጻጸም፣ ማለትም ፍርድን የማስፈጸም፣ መዝገብ ይዤ ብዙ ተመላልሻለሁ። አንዳንዴ የቆምኩት ለአበዳሪው ነው፣ አንዳንዴ ለተበዳሪው። ዛሬ የምለው ለአንዳንዶቻችሁ ጆሮ ሊከብድ ይችላል። የጎረቤታችን ንብረት በሐራጅ ሲሸጥ ሄደን መጫረት አለብን።

«የሰው እንባ ያለበት ዕቃ ቤቴ አይገባም» የሚሉ እናቶች አሉ። ከክፋት የመጣ አይደለም፤ እኔም ያደግሁት ይህን እየሰማሁ ነው። ግን እኛ ስለቀረን ሐራጁ አይቀርም። የሚቀረው ዋጋው ነው።

እንዴት? አንድ ቤት በዕዳ ተይዟል እንበል። ዕዳው ከነወለዱና ከነወጪው 600 ሺህ ብር ነው። የሐራጁ መነሻ 900 ሺህ ብር ነው። ሦስትና አራት ተጫራች መጥቶ እየተፎካከረ 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ብር ቢደርስ፣ ዕዳው ተከፍሎ 800 ሺህ ብር ለባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ ገንዘብ ሌላ ቦታ ኑሮ መጀመር ይቻላል። አንድ ሰው ብቻ መጥቶ በመነሻው ቢወስደው ግን የሚመለሰው 300 ሺህ ብር ነው። ሰውየው ያው፣ ቤቱ ያው፣ ዕዳው ያው። መሀል ላይ የጠፋው ግማሽ ሚሊዮን ብር የእኛ መቅረት ነው። ሽያጩ ዕዳውን ካልሸፈነ ደግሞ የባሰ ነው። ቤቱ ሄዶም የቀረው ዕዳ ይከተለዋል፤ አበዳሪው ሌላ ንብረት ይፈልጋል።

እኛ ስንቀር ታዲያ ማን ይመጣል? ሥራዬ ብለው ከሐራጅ ሐራጅ የሚዞሩ አሉ። ሕጋዊ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሁሉንም አላማም። አንዳንዶቹ ግን ገና ጠዋት ሻይ ቤት ተገናኝተው ይመካከራሉ። አንዱ ይጫረታል፣ ሌሎቹ ዝም ይላሉ፣ ማታ ይከፋፈላሉ። ይህን ምክክር የሚያፈርሰው አንድ ያልተጠበቀ እጅ ነው። ያ እጅ የሰፈር ሰው ቢሆን ምናለ?

መጫረት የማናውቅ ሰዎች ደግሞ አይደለንም። በንግሥ ቀን ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ የስለት ዕቃ ሲወጣ አይታችኋል። አንድ ጃንጥላ ወይም አንድ በግ ከገበያ ዋጋው ብዙ እጥፍ ሲወጣ እልል እንላለን። ገንዘቡ የት እንደሚገባ ስለምናውቅ እጃችን አይሰስትም። በሌላ በኩል ሼኾቻችን የሚያስተምሩት ታሪክ አለ። ከአንሷር (ነቢዩን መዲና ላይ ከተቀበሉት) ወገን የሆነ አንድ ችግረኛ ነቢዩ ዘንድ ሊለምን መጣ። ቤትህ ውስጥ ምን አለ ተባለ። አንድ ምንጣፍ ጨርቅና አንድ መጠጫ ብቻ ነበረው። ነቢዩ ሁለቱን አስመጥተው «ማን ይገዛል?» አሉ። አንዱ በአንድ ዲርሃም አለ። «ማን ይጨምራል?» ብለው ደጋግመው ጠየቁ። ሌላው ሁለት ዲርሃም ሰጠ። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ ገዛ፤ በሁለተኛው መጥረቢያ ገዝቶ እንጨት እየቆረጠ መሸጥ ጀመረ። ሁለተኛው ተጫራች ባይኖር ኖሮ መጥረቢያው ባልተገዛ ነበር። የሰው ዕቃ በጨረታ መግዛት ነውር ነው የሚል ካለ፣ ይህን ያስብ።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። አትሰልቹ፣ አጭር ነው።

ሁለት ዓይነት መንገድ አለ። ግለሰብ ያበደረው ዕዳ ከሆነ ፍርድ ቤት ይፈርዳል፣ ቀጥሎ አፈጻጸም ይከፈታል፣ ንብረት ይያዛል፣ ከዚያ ሐራጅ ይወጣል። ባንክ ግን በመያዣ ውሉ እስከተስማማ ድረስ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መሸጥ ይችላል። ይህን የፈቀደለት አዋጅ ቁጥር 97/1990 ነው። ሆኖም ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ለተበዳሪው የመስጠት ግዴታ አለበት። እነዚያ 30 ቀናት ወርቅ ናቸው። ብዙ ሰው ግን ወረቀቱን ተቀብሎ ፍራሽ ስር ይከተዋል፤ ለሚስቱ እንኳን አይናገርም። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሱቃቸው ባዶ የቀረባቸውን ነጋዴዎች ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ዕቃው ተዘረፈ፤ ብድሩን ግን ማንም አልዘረፈላቸውም። እንዲህ ያለ ሰው ወረቀቱ በደረሰው ሳምንት ወጥቶ ቢናገር፣ ሽማግሌ ተይዞ የክፍያ ጊዜ ሊራዘም ይችላል። ወይም ባለቤቱ ራሱ በአበዳሪው ፈቃድ ገዢ ፈልጎ በገበያ ዋጋ ይሸጣል። ከሁሉም የሚሻለው የተሰረዘ ሐራጅ ነው።

የቤት ዕቃን በተመለከተ ደግሞ ሁሉ ነገር አይወሰድም። በ1958 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በአንቀጽ 404 የማይያዙ ንብረቶችን ዘርዝሯል። ለባለዕዳው፣ ለሚስቱና ለልጆቹ የግድ የሚያስፈልግ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ አይነካም። የሙያ መሣሪያም እንዲሁ። የልብስ ሰፊው መኪና፣ የአናጢው መጋዝ ማለት ነው። ራሱ አስይዞ የተበደረበት ከሆነ ግን ሌላ ነው። ገበሬ ከሆነ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልገዋል ያለው ከብትና ዘር ይቀርለታል። ለ3 ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብም አለ። ሶፋው፣ ቡፌው፣ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ግን ይሄዳሉ። የሚያሳዝነኝ እነዚህ ዕቃዎች በጅምላ ሲጠሩ ነው። በጅምላ የሚገዛው ነጋዴው ብቻ ነው። ለየብቻ ቢወጡ ቡፌዋን ከእናንተ አንዷ ትፈልጋታለች። ባለዕዳው ወይም ጠበቃው ይህን አስቀድሞ እንዲጠይቅ ምከሩት።

የእኛ የቅሬ ድንኳን፣ ድስትና ወንበር በአንድ አባል ቤት እንደሚቀመጥ ታውቃላችሁ። እዚያ ቤት የተገኘ ሁሉ ተመዝግቦ ቢያዝስ? ንብረቱ የእኔ ነው የሚል ሦስተኛ ወገን በአንቀጽ 418 መቃወሚያ ያቀርባል። ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ጸሐፊያችን የዕቃውን ዝርዝርና ደረሰኝ በመዝገብ ይያዙልን። ጋሼ፣ ይህ ለእርስዎ ነው።

ከኩታበር፣ ከተንታና ከደላንታ ዘመድ ያላችሁ ስለ እርሻ መሬት ትጠይቁኛላችሁ። የእርሻ መሬት ራሱ በሐራጅ አይሸጥም። ከየካቲት 1967ቱ አዋጅ ወዲህ መሬት የግል ሸቀጥ አይደለም፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 የማይሸጥ የማይለወጥ ብሎታል። ለገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። የክልላችን የ2009 አዋጅና የፌዴራሉ የ2016 አዋጅ ይህን መብት ለተወሰነ ዘመን አስይዞ መበደርን ፈቅደዋል። ዕዳው ቢበላሽ የሚተላለፈው ለዚያ ለተወሰነ ዘመን መጠቀሙ ነው። ስለዚህ «መሬትህን ባንክ በሐራጅ ይሸጥብሃል» እያለ የሚያስፈራራ ካለ አትስሙት።

እኔን የሚያሳስበኝ ማስታወቂያ የሌለው ሽያጭ ነው። ወለድ አገድን ማለቴ ነው። ገበሬው ለሠርግ ወይም ለሕክምና ይበደራል፣ ማሳውን ለአበዳሪው ይሰጣል። አበዳሪው አዝመራውን በወለድ ፋንታ ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ ግን እንዳለ ይቆያል። ገበሬው ማሳው ስለሌለው ዋናውን የሚከፍልበት አያገኝም። ዓመታት ይሄዳሉ። ሐራጅ ላይ ቢያንስ ዋጋ ተጠርቶ ይሰማል፣ ተራፊው ይመለሳል። እዚህ የሚጠራም የሚሰማም የለም። ዘመዶቻችሁ ወደዚህ ከመግባታቸው በፊት እናንተን ያማክሩ።

ወደ ቅሬያችን ልመለስ። የሐራጅ ማስታወቂያ በበኩር ጋዜጣ፣ በፍርድ ቤትና በቀበሌ ሰሌዳ ላይ ይወጣል። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ መነሻ ዋጋውና የቤቱ አዋሳኝ ተጽፎበታል። ከወጣቶቻችን አንዱ ይህን እየተከታተለ ይንገረን። ማስታወቂያ ላይ ብዙ ጊዜ ተጫራቹ የመነሻውን አንድ አራተኛ በሲፒኦ (በባንክ የክፍያ ማዘዣ) ያስይዝ ይላል። ደመወዝተኛውን ከበር የሚመልሰው ይህ ነው። ቅሬያችን ለቀብር የሚያውለውን ሳይነካ፣ ለመያዣ ብቻ የሚያበድረው ትንሽ ተቀማጭ ቢኖረው ከአባላቱ ሁለትና ሦስቱ ገብተው መጫረት ይችላሉ። የተሸነፈ ያስያዘው ይመለስለታል፤ ገንዘቡም ወደ ካዝናችን ይመለሳል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ለማዘን ብላችሁ የማትገዙትን አትጫረቱ። አሸንፎ በተሰጠው ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በ15 ቀን ውስጥ፣ ያልከፈለ ያስያዘውን ያጣል። ሐራጁም እንደገና ይወጣል፤ ለባለዕዳውም ወጪ ይጨምርበታል። አቅማችሁን ቆጥራችሁ ግቡ። የገዛችሁትን ደግሞ የፈለጋችሁትን አድርጉት። አንዷ ስጋጃ ገዝታ ለባለዕዳው ልጆች ብትመልስ የሚከለክላት ሕግ የለም።

ሐሳቤን ለድምፅ አቅርቤያለሁ፤ አንደኛው ማስታወቂያ የሚከታተል ሰው መምረጥ፣ ሁለተኛው የመያዣ ተቀማጩ ነው። ሁለተኛው ካልተዋጠላችሁ አንደኛውን ዛሬ እንወስን፤ እሱ ሳንቲም አያስወጣም። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ። እናቶች ቅድሚያ።